«ቁም» ማለት ያቃተኝ እሑድ

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ያ የሽብር ጊዜ ጋብ ካለ በኋላ፣ ጉለሌ ቤት ተከራይቼ በምኖርበት ወቅት ነው። ከአእምሮዬ የማይወጣበት ምክንያት ቀላል ነው። ዛሬም «ቅደም» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ቀኝ እጄ ሳላዘው ወደ ፊት ይዘረጋል። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» የሚለኝ ጨዋ ሰው ሁሉ ለምን ብቻዬን እንደምስቅ አይገባውም። ለእሱ ቆሞ ማስረዳት ስለማይመች ለእናንተ ልንገራችሁ።

ስሜ አበራሽ ነው። ስሙን ያወጡልኝ ገና ጨቅላ ሳለሁ፣ ፈንጣጣ ዓይኔን ሳይወስደው በፊት ስለሆነ ወላጆቼን አልቀየማቸውም። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብቼ ተማርኩ፤ ስልክ ማገናኘት ሠለጠንኩና እዚያው ጉለሌ በአንድ ፋብሪካ ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጠርኩ። ቀኑን ሙሉ «ሀሎ፣ ማንን ፈለጉ?» ማለት እንጀራዬ ነበር። ድምፄን ብቻ ሰምተው ሊያገቡኝ የሚፈልጉ ደንበኞች እንደነበሩኝም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ሥራ የምታደርሰኝና የምትመልሰኝ ታናሽ እህቴ አልማዝ ነበረች። አልማዝ አገባችና ደብረ ብርሃን ሄደች። በሠርጓ ዕለት ከእናታችን ይልቅ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ «እንዴት ብትወዳት ነው!» አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን «ከነገ ወዲያ ማን ሥራ ያደርሰኛል?» ብዬ ነበር።

ዘንግ አልነበረሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ። የዚያን ጊዜ የእኛ ሰፈር መንገድ ግን ግማሹ ቦይ፣ ግማሹ ቁልቁለት ነው። ዘንግ ደግሞ ጉድጓድ መኖሩን የሚነግራችሁ ከገባችሁበት በኋላ ነው። ሁለቴ ቦይ ገብቼ፣ አንዴ ደግሞ የሰው ልብስ ከነማጠቢያው ደፍቼ ከሥራ ስቀር፣ አክስቴ ከገጠር «ይቅርብሽ፣ እኔ ጋ መጥተሽ ተቀምጠሽ ትበያለሽ» ብላ ላከችብኝ። ደግ ሴት ናት። እኔ ግን ተቀምጦ መብላት የሚባለውን ነገር አልፈለግኩም።

ያኔ ነው ትምህርት ቤት ሳለን አንዲት የውጭ አገር መምህራችን ያወራችልን ትዝ ያለኝ። በእሷ አገር ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻ አለ ስትለን ክፍሉ በሳቅ አለቀ። «እዚህ አገር ውሻ ዓይን ያለውንም ሰው ገደል ነው የሚከተው» ያላት ልጅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ሲቸግረኝ ግን ሳቁ ቀርቶ ወሬው ትዝ አለኝ።

አከራዬ እትዬ በላይነሽ ታዛቢ የሚባል ውሻ ነበራቸው። እንደምታውቁት በአገራችን የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት ነው። ከአጥር ማዶ ያሉት ሴትዮ የገባ የወጣውን ሁሉ ስለሚቆጣጠሩ፣ እትዬ በላይነሽ ጠዋት ጠዋት በራፍ ላይ ቆመው «አንተ ታዛቢ! ምን ያንጋጥጥሃል? የሰው ቤት ማየት አይሰለችህም?» ይሉ ነበር። ውሻው ይህን ጊዜ እንቅልፉን ይለጥጣል።

«እትዬ፣ ታዛቢን ይስጡኝና ላስተምረው» አልኳቸው።

«ምን ልታስተምሪው?»

«መንገድ።»

«እሱ መንገድ መቼ ጠፋው? ሲወጣ የት እንደሚውል የጠፋብኝ እኔ ነኝ» አሉ። ሰጡኝ ግን።

የመጀመሪያው ቀን ገመድ አስሬ «በል ሂድ» ስለው ቀጥ አድርጎ ሥጋ ቤት ወሰደኝ። በሁለተኛውም ቀን ሥጋ ቤት። በሦስተኛው ቀን ባለ ሥጋ ቤቱ «እመቤት፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ?» አለኝ። ታዛቢ እየመራኝ መሆኑ እውነት ነው፤ ችግሩ እሱ ወደሚፈልግበት መሆኑ ነው።

ቀስ በቀስ ግን ተግባባን። አራት ቃል ብቻ መረጥኩለት። ወደ ፊት ሲሆን «ቅደም»፣ ሲበቃ «ቁም»፣ ከዚያ «ግራ» እና «ቀኝ»። ልክ ሲሠራ ከኪሴ ቁራሽ ዳቦ እሰጠዋለሁ፤ ሲያጠፋ ዝም እለዋለሁ። ዝምታዬን አይወደውም ነበር። ደረጃ ወይም ቦይ ሲያጋጥመን ሳልናገረው ቀጥ ብሎ መቆም የጀመረ ቀን ደስ ብሎኝ ያለ የሌለ ዳቦዬን አበላሁት፤ እኔ ጦሜን አደርኩ።

የት እንዳለ እንዲሰማኝ ከሸጎሌ ከብት ገበያ ትንሽ ቃጭል አስመጥቼ አሰርኩለት። ጠዋት ወደ ሥራ ስንወርድ ቃጭሉን የሰሙ አሮጊቶች ቅዱስ ቁርባን የሚያልፍ መስሏቸው ከየበራፉ እያማተቡ ይወጡ ነበር። ከዚያ ታዛቢን ሲያዩ የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ገመዱ አንገቱን ሲቆርጠው ያዩት ታችኛው ግቢ ያሉት ሸማኔ ጋሽ ዋዳ ናቸው። «ምነው ልጄ፣ ሌባ እንኳ እንዲህ አይታሰርም» ብለው ደረቱንና ወገቡን የሚይዝ ወፍራም ትጥቅ ሸመኑለት። ከተረፋቸው ጥለት ቀይና አረንጓዴ ጣል አድርገውበት ነበር አሉ። ለእኔ የሚዳሰሰው ልስላሴው ነው፤ ሰፈሩ ግን «ታዛቢ ቀሚስ ለበሰ» ብሎ ሰነበተ።

ብቻችንን ሥራ የደረስን ቀን የፋብሪካው ዘበኛ «ዛሬ ማን አመጣሽ?» አለኝ።

«ራሴ» አልኩት።

እንዲያ ብዬ መልሼ አላውቅም ነበር። ወደ ስልኬ ስገባ እግሬ መሬት አይነካም። የመጀመሪያው ደዋይ «ምን ተገኘ? ድምፅሽ ሠርግ ቤት ያለሽ ይመስላል» አለኝ።

አንድ እንከን ብቻ ገጠመን። አንድ ቀን የቀበሌው ልጅ መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ «እትዬ አበራሽ፣ ምነው በየመንገዱ ቀኝ፣ ቀኝ ይላሉ? ሰው ምን ይላል?» አለኝ በሹክሹክታ። ለካ ጊዜው ቀኝ መንገደኛ የተባለ የሚወገዝበት ነው። «ግራ ሲሉ ግን ጮክ ይበሉ» ብሎ መከረኝ። ምን ላድርግ? ከግቢያችን ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ያለው ሥጋ ቤቱ ስለሆነ «ቀኝ» የሚለውን አውጥቼ «ሥጋ» በሚል ተካሁት። ታዛቢ በአንድ ቀን ገባው። እኔ ግን ያን ዐቢይ ጾም ሙሉ በጠዋት ጎዳና ላይ «ሥጋ! ሥጋ!» እያልኩ ሳልፍ የሰፈሩ ሰው ተስፋ ቆርጦብኝ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር፤ ያኔ ልብ አላልነውም። ሬዲዮኑ ዜናውን ጨርሶ መፈክር ሲያሰማ፣ የተኛው ታዛቢ ብድግ ብሎ በሩ ላይ ይቆማል። እትዬ በላይነሽ «ዜና ሲያልቅ ራት እንደሚቀርብ አወቀ፣ ይሄ ሆዳም!» ይሉት ነበር። እኔም እሳቸውን አመንኩ።

እንዲህ ደስ ብሎን ስንኖር፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለ። ወዲያው የቀበሌው ሰው በድምፅ ማጉያ እየዞረ፣ ከእሑዱ ስብሰባ በኋላ ሳይታሰር የተገኘ ውሻ ሁሉ በመርዝ እንደሚወገድ ተናገረ። ግቢ ውስጥ ያልታሰረ ማለት ነው። ባለቤት ይኑረው አይኑረው፣ መንገድ ላይ ከተገኘ አለቀለት።

ስሰማ ወገቤ ተቆረጠ። ታዛቢ ከታሰረ እኔም ታሰርኩ። ሥራዬ ሄደ፤ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ልበላ ነው። ካልታሰረ ደግሞ ይሞታል።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰውን በደህናው ጊዜ የሚያሥቅ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ግን እንደ ጋዜጣ ነው የሚናገረው።

«ጓድ አበራሽ፣ ችግርሽ ይገባኛል። ነገር ግን መመሪያ መመሪያ ነው። ለአንድ ውሻ የተለየ መብት አንሰጥም።»

«እኔ ለራሴ ነው የምለምነው እንጂ ለውሻው መቼ አልኩ?»

«እንግዲያው እሑድ ስብሰባ ላይ አቅርቢው። ልዩ ልዩ በሚለው አጀንዳ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስብሰባ የምሄደው በእትዬ በላይነሽ ክንድ ነበር። ያን እሑድ ግን ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ ይፍረድ ብዬ ታዛቢን ይዤ ለመሄድ ቆረጥኩ። አጠብኩት፤ የጋሽ ዋዳን ትጥቅ አስታጠቅኩት፤ እንዳይረብሽ ቃጭሉን በጨርቅ ጠቀለልኩት።

«ውሻ ይዘሽ ስብሰባ? ልጄ፣ ጤናሽን ነው?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ምንም አይሉኝም፤ ከኋላ ነው የምንቀመጠው።»

«በይ እኔ ደግሞ ከአንቺም ኋላ ነው የምቀመጠው። ከተያዝሽ አላውቅሽም።»

አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ታዛቢም እግሬ ሥር ተኛ። ሕዝቡ ሞላ። በመጨረሻ ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ የላከው ካድሬ ገባ፤ ሁሉም ብድግ ሲል፣ ወንበሩ ሲንጫጫና የሲጋራ ሽታ ሲያልፍ አወቅኩት። ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ለካድሬው ሊያሳይ ስለፈለገ ነው መሰለኝ የዚያን ቀን ድምፁ ሌላ ነበር።

«ኢትዮጵያ!» አለ።

«ትቅደም!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ብድግ አለ።

ያለሁበትን ሁኔታ አስቡት። ግራ እጄ ተጨብጦ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ቀኝ እጄ የታዛቢን ትጥቅ ይዟል። ታዛቢ ደግሞ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀውን ያህል ትልቅ ትእዛዝ ተቀብሏል። ቀደመ። እኔም ከወንበሬ ተነቅዬ ተከተልኩ።

«ቁም!» ልለው አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ግን ደነገጥኩ። ሕዝብ በሙሉ «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ሲል እኔ ከኋላ ተነሥቼ «ቁም!» ብል፣ ለውሻዬ ነው ብሎ ማን ያምነኛል? በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር እስር ቤት ገብቶ የቀረ ሰው አለ። አፌን መልሼ ገጠምኩት።

«ኢትዮጵያ!»

«ትቅደም!»

ታዛቢ ፍጥነት ጨመረ። የቃጭሉ ጨርቅ ወለቀ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል እያልን በመካከለኛው መተላለፊያ ወረድን። «እንዴ! አበራሽ አይደለችም?» ይላል አንዱ። «ምን ሆና ነው?» ይላል ሌላው። «አሳልፏት፣ መናገር ፈልጋ ይሆናል» አለች አንዲት ሴት። አንድ ሽማግሌ ቃጭሉን ሰምተው ይሁን አላውቅም፣ «አቤቱ ይቅር በለን» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሦስተኛው መፈክር ሲሰማ እየሮጥን ነበር።

መድረኩ ጋ ስንደርስ ደረጃ አለ። ታዛቢ እንዳስተማርኩት ደረጃው ሥር ቀጥ አለ። እኔም ቀጥ አልኩ። አዳራሹም ጸጥ አለ። ግራ እጄን ማውረድ ረስቼው አሁንም እንደተሰቀለ ነው።

ካድሬው ከጠረጴዛው ወዲያ ስለነበር ውሻውን አላየውም። ያየው እጇን ጨብጣ በሩጫ የመጣች አንዲት ዓይነ ስውር ነው።

«ጓዶች!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ተመልከቱ! ዓይኖቿ ባያዩም የአብዮቱ ብርሃን ወደ ፊት ስቧታል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። የሳበኝ ሌላ መሆኑን የምናውቀው እኔና ታዛቢ ብቻ ነበርን።

እጄን ይዞ ወደ መድረኩ አወጣኝ። እሱ ለሚያጨበጭበው ሕዝብ እጁን ሲያነሣ ታዛቢ ከኋላዬ ሾልኮ ወጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ተጋደመ። ካድሬው ድምፅ ማጉያውን አስጨበጠኝና «በይ ጓድ፣ ለሕዝቡ ተናገሪ!» አለ።

ያ ቀዝቃዛ ብረት አፌ ጋ ሲደርስ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። ከአፌ የወጣው በየቀኑ የሚወጣው ነገር ነው።

«ሀሎ፣ ማንን ፈለጉ?»

ከአዳራሹ የተሰማው ድምፅ ሳቅ አይደለም፤ ታፍኖ የቀረ ሳቅ ነው። ካድሬ ባለበት ማን ደፍሮ ይስቃል? ይሄኔ ደግሞ እትዬ በላይነሽ ሊያድኑኝ አስበው ከኋላ ውሻውን ጠሩት። በሹክሹክታ መሆኑ ነው። የእሳቸው ሹክሹክታ ግን አዲሱ ገበያ ይሰማል።

«ታዛቢ! አንተ ታዛቢ! ና ወዲህ!»

ካድሬው ተንቀጠቀጠ ልበል? ብቻ ድምፁ ተለወጠ። «ታዛቢ? ታዛቢ ተልኮብናል እንዴ?» አለ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ።

«ጓድ፣ እኛ የደረሰን ነገር የለም» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከበላይ ነው የተላከው?»

ዝም ማለት ሲገባኝ ምላሴን ምን እንደነካው እንጃ። «አይደለም፤ ከበላይነሽ ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ሊቀመንበሩ መቼ ጆሮ ተረፈው! ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን የውሻ ስም እንኳ ድንጋጤ አስረስቶታል። «ወንበር አምጡ! ለጓድ ታዛቢ ወንበር!» እያለ ይጮኻል። አብዮት ጥበቃዎቹ ሲሯሯጡ ይሰማኛል። ባለ ስፖንጁን፣ የካድሬውን ዓይነት ወንበር ነበር ያመጡት አሉ። ከጎኔ አስቀመጡት። ሊቀመንበሩ በተቻለው ትሕትና «ጓድ ታዛቢ፣ ካሉበት ይምጡና ይቀመጡልን» አለ በድምፅ ማጉያ።

ታዛቢ እትዬ በላይነሽ ቤት እንዳያርፍበት የተከለከለው አንድ ነገር ቢኖር ስፖንጅ ወንበር ነው። አሁን ስሙ ተጠራ፤ ወንበሩም ቀረበለት። ቃጭሉ ቅጭል ሲል፣ ወንበሩ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ወጥቶ ተቀመጠ።



«ይህ ምንድን ነው?» አለ ካድሬው።

«ውሻ ነው» አልኩ።

«ስሙን ማን ነው ታዛቢ ያለው?»

«ከአብዮቱ በፊት የወጣ ስም ነው ጓድ!» አሉ እትዬ በላይነሽ ከኋላ። አላውቅሽም ብለው ነበር፤ ግን አላስቻላቸውም።

ከዚህ በኋላ መደበቅ ስላልቻልኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እህቴ ማግባቷን፣ ቦዩን፣ አክስቴን፣ ሥራዬን፣ «ቅደም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ መፈክሩ ሲሰማ ያዘዝኩት እኔ እንዳልሆንኩ። «ጓድ፣ ይህ ውሻ ከታሰረ እኔም ታሰርኩ። ከሞተም ሥራዬ ሞተ። ለዚህ ነው የመጣሁት» ብዬ ጨረስኩ።

ካድሬው ክብሪት ጫረ። ሲጋራውን ሲስብ ይሰማኛል።

«ታዲያ ሲጎትትሽ ለምን ቁም አላልሽውም?»

አሰብኩ፣ አሰብኩና እውነቱን ጠየቅኩት። «ጓድ፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ፣ ሕዝቡ እንዲያ እያለ፣ ቁም ይሉ ነበር?»

አንድ እንግዳ ድምፅ ከአፍንጫው ወጣ። ጭሱ ትን ያለው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደገመው። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታውና እንደ ልጅ ተንከተከተ። አዳራሹ ይሄን ሲጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ ግድቡ ተነሣ። ሰው ተቃቅፎ ሳቀ፤ የሚያለቅስም ነበር። ሊቀመንበሩ ካድሬው የእውነት እየሳቀ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከሁሉም ኋላ ጀምሮ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢሆንም ጓድ፣ መመሪያው ሁሉንም ውሻ ይመለከታል። ይሄኛው ከሌላው በምን ይለያል?»

ልቤ እንደገና ልትወርድ ነበር። እንዳትወርድ የያዝኳት በዚያው በእነሱ ቋንቋ ነው። በየሳምንቱ «ንቃ፣ ተደራጅ፣ ታጠቅ» ሲሉን ኖረው የለ?

«ይሄኛውማ የነቃ ነው» አልኩ።

«ተደራጅቷልም! ከእሷ ጋር!» አለች አንዲት ሴት ከመሃል።

ከዚያ ጋሽ ዋዳ ከኋላ ተነሥተው፣ ያ ቀስ ያለ ድምፃቸው እንዲህ መጮህ እንደሚችል ማንም አያውቅም ነበር፣ «ታጥቋልም! ትጥቁን የሸመንኩለት እኔ ነኝ!» አሉ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አልነበረም። ካድሬው ዕንባውን እየጠረገ ነው መሰለኝ በታፈነ ድምፅ «ለድምፅ ይቅረብ» አለ። የሚደግፍ ሲባል የእጅ መዓት መነሣቱን ከልብሱ ሹክሹክታ አወቅኩ። የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? ጸጥ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ታዛቢ ወንበሩ ላይ ሆኖ ረዥም ማዛጋት አዛጋ።

«ታዛቢ ድምፅ አይሰጥም!» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ እንደገና ፈረሰ።

በሙሉ ድምፅ ተፈቀደልን። ታዛቢ ትጥቁን እስከታጠቀና እኔ አጠገቡ እስካለሁ ድረስ በጉለሌ መንገድ ሁሉ እንዲሄድ ተባለ። ሊቀመንበሩ ሊዘጋ ተነሣና «ኢትዮጵያ!» አለ። ሕዝቡ «ትቅደም!» አለ። ታዛቢ ከወንበሩ ዘሎ ወረደ፤ እኔም ትጥቁን ያዝኩ። ማንም ሳይነሣ እኔና እሱ በመተላለፊያው አልፈን በሩ ላይ ደረስን፣ ወጣን፣ ፀሐይ ፊቴ ላይ አረፈች። ከኋላዬ ጭብጨባው አላቆመም ነበር።

በማግስቱ ከሰፈሩ ውሾች ብዙዎቹ አልተረፉም። ለጥቂት ሳምንት ሌሊቱ ዝም ብሎ ነበር፤ ያን ሳስታውስ ዛሬም ደስታዬ ትንሽ ይጎድላል።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ታዛቢ አብሮኝ ሄዷል። መክፈቻው ላይ በእግሬ ትጥቁን እረግጥበታለሁ፤ መዝጊያው ላይ እለቀዋለሁ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ሰው ይህን ሲያይ ከእኛ ኋላ ለመቀመጥ ይሻማ ጀመር፤ መንገድ እንከፍትለታለንና። እትዬ በላይነሽም «የማን ውሻ መሰላችሁ?» ይሉ ነበር፣ ያውም የአጥር ማዶዋ ጎረቤታቸው እንዲሰሙላቸው ጮክ ብለው።

ታዛቢ አርጅቶ፣ ጥርሱ አልቆ፣ በእርጥብ ዳቦ ኖሮ ነው የሞተው። ጋሽ ዋዳ የሸመኑለትን ትጥቅ ግን አልቀበርኩትም፤ ከቤቴ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። መፈክሩም፣ ካድሬውም፣ ሊቀመንበሩም አልፈዋል። አገሪቱ ያኔ ቀድማ እንደሆነ የሚያውቁ ይከራከሩበት። እኔ የማውቀው እኔ መቅደሜን ነው። አንዳንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ ያን ትጥቅ ዳበስ አደርገዋለሁ፤ ማንም በሌለበት «ቅደም» እላለሁ፤ እጄ ይዘረጋል፣ እኔም ስቄ እከተለዋለሁ።